ቀለሙ ይለቃል ወይ?

«‹ቀለሙ ፈጽሞ የማይለቅ› ብለሽ ጻፊውና እንገላገል!» አለ ሀዚም፣ ላፕቶፑን ወደ ዚክራ እየገፋ።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ደሴ ፒያሳ፣ የዚክራ አክስት የጨርቅ ሱቅ ጥግ ላይ ተጎልተዋል። የሱቁ ድረ ገጽ ቅዳሜ ኮምቦልቻ በሚከፈተው ባዛር ላይ ይመረቃል። ፎቶውም ዋጋውም ገብቷል። የቀረው ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ ገጹን እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ያ ካልሆነ በጨለማ እንደተሰቀለ ታፔላ ነው፤ ማን ያየዋል?

ዚክራ ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። ሰው ጎግል ላይ የሚጽፈው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀውን ነው ብላ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከገዢ አፍ የወጣውን ቃል በደብተሯ ስትለቅም ሰነበተች። «ጥራት ያለው የጨርቃ ጨርቅ ውጤት» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። «የኒካህ ሻሽ አለ?» «ሰፋ ያለ ሽርጥስ?» ነው የሚሉት። ከሁሉ የበዛው ግን «ቀለሙ ይለቃል ወይ?» ነበር፤ ሰላሳ አንድ ጊዜ።

«ሰላሳ አንድ ሰው የጠየቀውን ካላስገባሽ ለምን ለቀምሽው?» አለ ሀዚም። «በዚህ ቃል ከሁሉም በላይ ነው የምንወጣው!»

ስለ ቃሉ ልክ ነው። ችግሩ፣ ቀዩ ሻሽ ይለቃል።

ይህን ሲነጋገሩ አንዲት ሴት ለእህቷ ኒካህ ቀይ ሻሽ ፈልጋ ገባች። የዚክራ አክስት ኡሙሰልማ ሻሹን አወረዱና እንደ ልማዳቸው እስከ በሩ ይዘውት ወጥተው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። አምፖል ቀለም ያሳምራል፤ እሳቸው ደግሞ ገዢ በአምፖል አይቶ እንዲገዛ አይፈልጉም።

«ይለቃል ወይ?» አለች ሴትዮዋ። ሰላሳ ሁለት።

«ይለቃል የኔ እህት። ሁለት እጥበት ይለቃል፤ ከነጭ ጋር እንዳትነክሪው። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ከዚያ ወዲያ ወላሂ አያስቸግርሽም።»

ሴትዮዋ ሻሹን አየት አደረገችና «እንግዲያ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብላ ሄደች።

ሀዚም ዚክራን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። «አየሽ? ገዢዋን አባረሯት!»

ኡሙሰልማ ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም። ሻሹን አጣጥፈው ወደ ቦታው መለሱ፤ ሌላ ገዢ ሲመጣም እንደገና ጨርቁን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ናቸው። ዝም ቢሉ ማን ይይዛቸዋል? ዚክራ ይህን ስታይ ነው ያደገችው፤ እንደ ዛሬ ግን ኮርታባቸው አታውቅም።

ገጹ የሚናገረው በእሳቸው ስም ነው። የተጻፈውን ደግሞ አያነቡትም፤ «ዚክራ ካለችው ደህና ነው» ብለው ትተውላታል። ዚክራን ያሳሰባት ይኼ ነው።

«እሺ፣ ከገጹ ግርጌ በትንሹ እንጽፈዋለን» አለ ሀዚም ፊቷን አይቶ። «መግለጫው ላይ ግን አይሆንም። ሰው ሳይገባ ይሸሻል እኮ!»

መግለጫ የሚለው ጎግል ላይ ከሱቁ ስም ሥር የሚወጣውን ሁለት መስመር ነው። ሰው ገጹን ከመክፈቱ በፊት የሚያነበው እሱን ነው።

«የሚጠይቁት እኮ ይለቃል ወይ ብለው ነው» አለች ዚክራ። «ጥያቄውን ከነመልሱ ከጻፍነው ቃሉም አለበት።»

«ባዛሩ ላይ ቢስቁብንስ?»

«ይሳቁ አቦ!»

የሀዚምን መስመር አጠፋችና ጻፈች፦ «የደሴ ሻሽና ሽርጥ። ቀለሙ ይለቃል ወይ? ቀዩ ሁለት እጥበት ይለቃል፤ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት።»

ሀዚም አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ሌላውስ? ጥቁሩ፣ አረንጓዴው?»

ዚክራ ጣቷን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። አታውቅም።

«አክስቴ» አለች ተነስታ፣ «ሳፋ ይኖራል? ከየቀለሙ ቁራጭ ጨርቅ ይስጡኝ፤ አጥቤ አይቼ ነው የምጽፈው።»

ሀዚም መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቆጠረ። አሥራ ሰባት ቀለም። «ለቅዳሜ አይደርስም እኮ!» ሊላት ዞር ሲል፣ ዚክራ ሳፋውን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች።