ጉድለት ለኪ

አንለይ እናቱን ቀብሮ ሲመለስ የሥራ ቤቱ በር ዜሮ አለው።

ጉና አናት ላይ በተሠራችው ከተማ የሥራ ቤት በሮች ሰው ሲገባባቸው ዋጋውን በመስታወታቸው ላይ ያበራሉ። አንዱ የሌላውን ዋጋ እያየ ይገባል፤ ጸጉርህን ተቆረጥክ እንዴ እንደማለት ነው፣ ማንም አይደነቅበትም። አንለይ ለለቅሶ ሲሄድ አርባ አንድ ነበር። አሁን ባዶ ክብ ብቻ።

ዋጋ የሚያወጣው ጣሪያው ላይ የተተከለው ጉድለት ለኪ ነው። ሰውየው ከሥራ ሲቀር ምን እንደሚጎድል እያየ የሚለካ ማሽን። ብዙ የጎደለበት ብዙ ያወጣል። ምንም ያልጎደለበት አላስፈለገም ማለት ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ከጉሙ በታች ይወርዳል፣ የላይኞቹ ታጥበውበት የተረፈ ውሃ ወደሚጠጣበት። ይህን ያሰቡት የሰው ሀብት ክፍል የተማሩ ሰዎች ናቸው። ባለዲግሪ መቼም ስም ማውጣት ይችልበታል፤ ሰውን «ሀብት» ብሎ ይጠራና ሲሻው እንደ አሮጌ ወንበር ከቤት ያስወጣዋል።

«እግዜር ያጥናህ» አሉት ጓደኞቹ፣ ከየወንፊታቸው ቀና እያሉ። የጉም ወንፊት ማማ ላይ ተወጥሮ ጉሙን ውሃ የሚያደርግ ስስ መረብ ነው፤ በየቀኑ ካልተፋቀ አረንጓዴ ሻጋታ ይደፍነዋል። ቀልደኛው ሙሉሰው ትከሻውን መታ አደረገው።

«አንተዬ፣ ወንፊትህ ገና አሁን ጸዳ እኮ! ትንሽ ብትቆይስ?»

አንለይ ወንፊቱን አየው፤ ያበራል።

ቂም የማይለቅ ሰው ነበር። ከስምንተኛ ክፍል መቅረቱን፣ የአለቃነቱን ቦታ ለትናንት ልጅ መስጠታቸውን፣ መመሪያ አንብብ ተብሎ ሲንተባተብ ከጎኑ የምትፍቀው የሻረግ ከት ብላ የሳቀችበትን ቀን፣ ሁሉንም እንደያዘ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ የሻረግ ሄደ።

«እናቴን አፈር ሳለብስ እናንተ እኔን ቀበራችሁኝ?»

«ምን ሆነሃል አንለይ?»

«በሩን አላየሽም? ዜሮ ነኝ!»

የሻረግ ዞር ብላ መስታወቱን አየች። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «ወንፊትህን ተካፍለን ፋቅነው እኮ። ሐዘንተኛ ነው፣ ሲመለስ የተቆለለ ሥራ አይጠብቀው ብለን፣ በምሳ ሰዓታችን... ለቅሶ መሃል ማን ማሽን ያስባል?»

እውነቷን ነበር። ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ከመካከላቸው ሐዘን የደረሰበት አንለይ የመጀመሪያው ነው።

አንለይ አቤት ሊል ሲገባ የሰው ሀብት ክፍሉ ናሆም ወንበር ሰጠው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

«አቶ አንለይ፣ ማሽኑ የሚያየው ሥራው መሠራቱን ነው። ያለ እርስዎ ተሠርቷል።»

«ለእኔ ብለው ነዋ የሠሩት!» አለ አንለይ። ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«እሱን የሚያይበት ዓይን የለውም።» ናሆም ወደ እሱ ጠጋ አለ። «አንድ መንገድ አለ። ማሽኑን ያሳሳቱትን ሰዎች ስም ይስጡኝ። እርስዎ ይመለሳሉ፣ እነሱ ይወርዳሉ።»

አንለይ ዕድሜውን ሙሉ ማን በደለህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው። ስሞቹ ሁሉ ምላሱ ላይ ነበሩ፤ የሻረግ ከፊት። በመስኮቱ በኩል አያት። ጎንበስ ብላ ትፍቃለች፤ ጣቶቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። የሁለት ሰው ሥራ የሠሩ ጣቶች።

«የማውቀው የለም» አለ።

ወረደ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሻረግ ከጉሙ በታች ያለውን ቤቱን ጠይቃ መጣች። ጥቁር ለብሳለች።

«ባሌን ቀበርኩት።»

«እንዴ! ሳትነግሩኝ?» አሮጌው ቂም ሊነሳበት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እግዜር ያጥናሽ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«ስመለስ በሩ ዘጠና አለኝ» አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «ከሁላቸውም በላይ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ማንም አልነካልኝማ! ወንፊቶቼ ድፍን ብለው ጠበቁኝ። ሙሉሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ያለቅስ ነበር አሉ። አንተን ካዩ በኋላ ምን ያድርጉ? ስለሚወዱኝ ነው ያልነኩት፣ አውቃለሁ። ግን አንለይ፣ ያን ሁሉ ሻጋታ ብቻዬን ቆሜ ሳየው፣ ባሌ ያኔ ነው የሞተብኝ።»

ከዘንቢሏ የተጠቀለለ ወንፊት አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«የቀረኝ ይሄ ነው። እዚያ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

መፋቅ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ እጇ ቆመ፣ አንገቷ ዘንበል አለ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። አንለይ እንዳትነቃ ተጠንቅቆ ወንፊቱን ከጭኗ ሳብ አደረገው። ለመጠጥ ያስቀመጣትን ውሃ ቀድቶ ሻጋታውን ከጥግ ጀምሮ ይፍቀው ጀመር።

ደግነቱ ከጉሙ በታች ጉድለት ለኪ የለም። ቢኖር ኖሮ ያቺ ዘጠና ያወጣች ሴት ስትነቃ ዜሮ ትሆን ነበር።