ሳይቀመስ የበረደ ሆጃ

«ስወጣ በሕይወት ነበር» አለ ዩሱፍ። «የሚፋጀውን ሆጃ እፊቴ ጨልጦ እስከ በር ሸኘኝ።»

«ስገባ ሞቶ ነበር» አሉ አው ሙሜ። «ዘነዘናው ደረቱ ላይ ነበር። ያነሣሁት ለዚያ ነው።»

የሞተው የአው ሙሜ የወንድም ልጅ፣ ተመራማሪው ሙባረክ ነው። ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ ባለው ቤቱ፣ ከመደቡ ላይ ሳይነሣ የራስ ቅሉ በዘነዘና ተፈርክሷል። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጭቶ ወደ ወለሉ ወርዷል።

የጉሮሮ ካንሰር በየቤተሰቡ ለምን እንደሚደጋገም ለማጥናት ከዘመድ ከጎረቤቱ ደም ይሰበስብ ነበር። አው ሙሜ ባለፈው ጁምዓ ጊደር መጋላ ገበያ መሐል «ዘራችንን ብታሰድብ ራስህን እፈረክሰዋለሁ» ብለውታል። ዘነዘናውም እጃቸው ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ካቴናው እሳቸው እጅ ላይ ነው። ውጭ የተሰበሰበው ሰውም ፈርዶባቸው ጨርሷል።

ኢንስፔክተር ገላነሽ አልቸኮለችም። ከሬሳው ጎን ሆጃው፣ በወተት የፈላው የቡና ገለባ፣ የተቀዳበትን ሲኒ ጎንበስ ብላ አየችው። ሙሉ ነው። ሰልባቦት ይዟል።

«ሆጃውን ማን ቀዳው?» ብላ የሟቹን እህት ዋፊቃን ጠየቀቻት።

«እኔ። እንደፈላ ቀድቼለት ወደ ገበያ ወጣሁ። እጮኛዬ ዩሱፍ ያኔ እየገባ ነበር።»

«ድጋሚ ቀድቶ ይሆን?»

«ከምን? ወተቱ ያለቀው በዚያች ሲኒ ነው።»

«ሲጠጣ እንዴት ነበር?»

ዋፊቃ ፈገግታ ሊያመልጣት ነበር። «እስኪበርድ ይጠብቃል። ጥናቱን ከጀመረ ወዲህ የሚፋጅ ነገር አይቀምስም። አጎቴ ‹አንተ የሐረር ልጅ ነህ ወይስ የበረዶ?› እያሉ ይስቁበታል።»

ገላነሽ ሰልባቦቱን በማንኪያ ገለጠችው። ከሥሩ የረጋ የደም ጓል ወጣ።

ከዚያ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች፤ የሙባረክን ባልደረባ፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣውን የላቦራቶሪ ባለሙያ ኒቆዲሞስንም ጨምራ።

«ደሙ ሲኒው ውስጥ የገባው ሰልባቦቱ ሳይይዝ ነው» አለች። «ማለትም ሆጃው ገና ትኩስ ሳለ፣ ዋፊቃ እንደወጣች። አው ሙሜ፣ ያኔ የት ነበሩ?»

«መስጊድ። የዐስር ሶላት ሰግጄ ነው የመጣሁት። መላው ጀማዓ አይቶኛል።»

«ዩሱፍ፣ አንተ ግን እዚህ ነበርክ። ጨለጠው ያልከው ሆጃ ደግሞ ሳይቀመስ ይኸው። የሐረር ሰው ሁሉ በትኩሱ ይጠጣል ብለህ ገመትክ። አው ሙሜ ቢዋሹ እንኳ እንዲህ ብለው አይዋሹም፤ የሙባረክን አመል ያውቁታላ።»

ዩሱፍ ወደ በሩ ተወረወረ። በሩን የሚጠብቀውን ወጣት ፖሊስ በክርኑ አፍንጫውን ሰበረው፤ ሁለቱም ደሙ ላይ ተንሸራትተው ወደቁ። ዩሱፍ ሲነሣ እጁ የኋሊት ታስሯል።

«አባቴ ውሃ መዋጥ አቅቶት ነው የሞተው» አለ እያለከለከ። «ያያቴም ሞት ያው ነው። ሙባረክን ‹ለጥናቱ የሰጠሁህን ደሜን መልስልኝ› አልኩት። ‹ስም የለበትም፣ ከሌላው አልለየውም› አለኝ። ዋሸኝ። ለዋፊቃ ነግሮ ሠርጌን ሊያስቀርብኝ ነበር።»

«አልዋሸህም» አለ ኒቆዲሞስ። «ስሙን ገና ደሙን ስንቀዳ ነው የምናጠፋው። የምንፈልገውም አንተን አልነበረም። ከወላጅ የሚወረሱት የዘረመል ልዩነቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ጉልበታቸው ትንሽ ነው። ሲደራረቡ፣ ከሚፋጅ መጠጥና ከጭስ ጋር ሲገናኙ ነው የአንድን ሕዝብ ሥጋት ከፍ የሚያደርጉት። እሱም የሚታየው ብዙ ሰው ሲመረመር ነው። ‹አንተ ትሞታለህ› ብሎ የሚፈርድ ደም የለም።»

ዋፊቃ የቃል ኪዳን ቀለበቷን አውልቃ ደሙ ላይ ጣለችው።

ፖሊሱ የአው ሙሜን ካቴና ፈታ። ሽማግሌው የወንድማቸውን ልጅ ፊት በነጠላቸው ሸፈኑ፤ «አላህ ይርሐመው» አሉ። ከዚያ ቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ካቴና ያሰመረበትን ክንድ ወደ ኒቆዲሞስ ዘረጉ።

«ከቀብር መልስ መርፌህን ይዘህ ና» አሉ፣ ውጭ ያለው ሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከእኔ ትጀምራለህ።»