ከጓዳ አቤት ያለችው

ይህ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ውሸታም የሚለኝ ካለ ይበለኝ... ከዚያ በባሰ ስም ተጠርቼ አውቃለሁ።

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ ወር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ጉሙ ግቢውን ውጦት የአጥሩ በር እንኳ አይታይም።

ትርንጎ እባላለሁ። ባሌ ካሳሁን ስሜን ሁለቴ መጥራት አይወድም። በመጀመሪያው ጥሪ "አቤት" ካላልኩ ሁለተኛው በጥፊ ነው።

ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ደሳለች ሁልጊዜ ይመክሩኝ ነበር።

"ልጄ፣ ቀትር ላይ ስምሽን ከሰማሽ ሦስቴ ሳይጠራሽ አቤት እንዳትይ። የጠራ ሁሉ ሰው አይደለም።"

እሺ እላለሁ። በእኛ ቤት ግን እስከ ሦስት ማን ይቆያል?

ያን ቀን ካሳሁን ወደ ገሳይ ከተማ ሄዷል፤ የሚመለሰው ማታ ነው። ብቻዬን ምስር እለቅማለሁ። እሱ ሰው ስለማይወድ ዘመዶቼም ትተውኛል።

"ትርንጎ..."

የሱ ድምፅ ነው። ከግቢ።

"አቤት" ብዬ ሮጬ በሩን ከፈትኩ።

ማንም የለም። ጭቃው ላይ ዱካ እንኳ የለም...

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰፌዱን አንስቼ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።

"ትርንጎ..."

አፌን ሳልከፍት መልሱ ከጓዳ መጣ።

"አቤት።"

የኔ ድምፅ ነው። የቸኮለ፣ የፈራ።

ወዲያው፣ ማታ ይመጣል ያልኩት ካሳሁን ራሱ ገባ። ካፖርቱ ይንጠባጠባል፣ አረቄ አረቄ ይሸታል። አጠገቤ አለፈ። አላየኝም... ቀጥታ ወደ ጓዳ።

"ስጠራሽ የት ነበርሽ?"

ከዚያ ጥፊው ተሰማ።

"ይቅር በለኝ... ጥፋቱ የኔ ነው..."

ቃሉ የኔ ነው። ልቅሶውም የኔ። እኔ ግን ሰፌዱን እንደያዝኩ ተነሥቼ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

አሳዘነችኝ። እኔ ስመታ ይገባኛል እል ነበር። እሷ ግን ምን አጠፋች? አቤት ብላለች እኮ።

ገብቼ እጇን ይዤ ላወጣት ፈለግኩ። ፈራሁ። የጓዳውን መጋረጃ መግለጥ አልቻልኩም።

ሰፌዱን መሬት አስቀምጬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። በሚኒባስ ሐሙሲት ሄጄ እህቴ መክሊት ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

የገረመኝ ካሳሁን እኔን አለመፈለጉ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልደወለም።

በመስቀል ሰሞን እትዬ ደሳለች ደወሉልኝ። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው።

"ልጄ፣ ዛሬስ ምን አድርገሽው ነው? ልቅሶሽ አላስቀምጥ አለኝ።"

"እትዬ... እኔ እኮ ሐሙሲት ነኝ። ከነሐሴ ጀምሮ።"

ስልኩን ወደ ግድግዳው አስጠጉት መሰለኝ።

ከግድግዳቸው ወዲያ፣ የካሳሁን ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ።

"ትርንጎ!"

ከልማዴ አፌ ተከፈተ። በመዳፌ አፈንኩት።

"አቤት" አለች እዚያ... ሁለተኛ ሳይጠራት።