ለሦስቱም እኩል

በሦስተኛው ጠርሙስ የተነከረችው የአሲድ መለኪያ ወረቀት መቅላት አልነበረባትም። ቀላች። ሲና ሌላ አውጥታ ነከረች፤ ያቺም እንደ በርበሬ ቀላች።

ሦስቱም ጠርሙሶች ውስጥ ያለው አንድ ነው፤ ዶራቪል ከተማ ካለ አትክልት መደብር ሊጣል ሲል ሲናና የክፍል ጓደኛዋ ኑሃሚን የለመኑት የስኳር ድንች ልጣጭ፣ ተቀቅሎ የተጨመቀ። በሁለቱ ላይ የሳይንስ መምህሯ ያስመጣችላቸው ሻጋታ ተዘርቷል፤ ሩቅ ምሥራቅ መጠጥ የሚጠምቁበት፣ ሰው የማይጎዳ ዓይነት ነው። ሻጋታው ስኳሩን እየበላ ሲትሪክ አሲድ ይሠራል፤ ያ ለስላሳ ውስጥ የሚገባው፣ ሰው ሁሉ ከሎሚ የሚጨመቅ የሚመስለው አሲድ። ሦስተኛው ግን ሻጋታ አልነካውም። እሱ እንዳለ ቆይቶ ሁለቱ ከኮመጠጡ፣ ያኮመጠጣቸው ሻጋታው ነው ማለት ይቻላል። ሦስቱም ከኮመጠጡ ግን ምንም ማለት አይቻልም።

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ደግሞ ነገ ነው።

ሲናና ኑሃሚን ሁለቱ ጠርሙሶች አልኮመጥጥ ብለዋቸው ሲጨነቁ ሰንብተው ነበር። ከዚያ ድንገት ኮመጠጡ። መምህሯ የኮምጣጣነቱን ቁጥር አይታ፣ በዚህ ውድድር ከቀናችሁ በካውንቲ ደረጃ ወደሚደረገው ትልቁ ውድድር የምትሄዱት እናንተ ናችሁ አለቻቸው፤ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ተቃቅፈው ዘለሉ። ሦስተኛውን እንዳይበከል ብለው ሳይከፍቱት እስከዛሬ አቆይተውት ነበር።

የሲና እናት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ተረኛ ስለሆነች፣ ስማይርና ከተማ ባለው አፓርታማቸው ያሉት ሲናና አያቷ ደጊቱ ብቻ ነበሩ። ሲና ጠርሙሱን የነካው ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። ደጊቱ መጀመሪያ እጅሽን አቃጠለሽ ወይ፣ ጭሱ ደረትሽ ገባ ወይ ብላ ተርበተበተች። ደህና መሆኗን ስታይ ግን ደስ እያላት ነገረቻት። ልጅቷ አልኮመጠጠም ብላ እህል አልቀምስ ስትል ጊዜ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ከሊጥ ባልዲዋ ላይ እርሾ ቀድታ ጨምራበታለች።

«አልኮመጥጥ ላለ ነገር እርሾ ነው እንጂ ሌላ ምን መድኃኒት አለው?»

«ሦስተኛው ላይስ?»

«ሁለቱን ሰጥቼ አንዱን ልከልክለው? ለሦስቱም እኩል ነው ያደረግኩት።»

ሲና አያቷን «አንቺ» እያለች ነው ያደገችው። በልጅነቷ ፀጉሯን ስትሠራት፣ ሲያተኩሳት አጠገቧ ስታድር፣ አንቺ ነበረች። አሁን ግን ንዴቱ አንደበቷን ሌላ አደረገው።

«ማን ይንኩ አለዎት?»

ደጊቱ በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች። ጎረቤት የሚያዳምጥ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያየ የለም፣ ሦስተኛውን ድፊውና በአዲስ ሙዪው፣ እኔ ብሞት ትንፍሽ አልልም አለች። ልጇን በሰው ፊት እንዳያዋርዱባት ነው የፈራችው። ሲናን ይበልጥ ያነደዳትም ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ አበላሽቶ ቀጥሎ ዋሺ ማለት።

ክፍሏ ገብታ በሩን ወርውራ ዘጋችና ኑሃሚን ጋ ደወለች። ኑሃሚን መጀመሪያ ሳቀች፤ ሲና እየሳቀች እንዳልሆነ ሲገባት ደግሞ ያንኑ የደጊቱን ምክር እንግሊዝኛ በቀላቀለ በራሷ ቋንቋ ደገመችው።

«ላይክ፣ ድፊውና አዲስ አድርጊበት በቃ። ማን ቼክ ያደርጋል?»

ሲና ሁለቱ ጠርሙሶችም እርሾ እንደገባባቸው፣ ቁጥራቸው ውሸት እንደሆነ ነገረቻት።

«እና ያንቺ አያት ስላበላሹት እኔ ልውደቅ?»

ልክ ነበረች ኑሃሚን፤ ልጣጩን አብራ ተሸክማለች፣ አብራ ቀቅላለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የውድድር ሰሌዳቸውን አየችው። «ሻጋታው ሠራው» ይላል በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ አረንጓዴ ፊደል። ኮሪደር ላይ ያን ሁሉ የዘለለችው ለእርሾ ነበር። ፊቷ ነደደ።

«ሦስቱንም እንዳሉ ይዤ ነው የምመጣው» አለች። «ካልፈለግሽ ስሜን ብቻ እጽፋለሁ።»

ኑሃሚን ስልኩን ዘጋችው።

ሲና አረንጓዴዎቹን ፊደሎች አንድ በአንድ ላጠቻቸው። ሙጫው ጠንክሮ ስለነበር ወረቀቱን ይዞ ተነሣ፤ ሰሌዳው ቆስሎ ቀረ። ይቁሰል አለች። የሙከራውን ደብተርና ብዕር ይዛ ወደ ኩሽና ስትወጣ ደጊቱ የታጠበ ሰሃን መልሳ እያጠበች ነበር።

«ስሜን ትጽፊው ይሆን?» አለች ደጊቱ ዞር ሳትል። «ያገሩ ሰው ምን ይለኛል?»

ሲና ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈለገችም። ወንበር ስባ አያቷ ፊት አደረገችው።

«ይቀመጡ» አለች። «ስንት ጭልፋ ነው የጨመሩት?»