መቆም ያቃታቸው አውሬዎች

የልጅ ልጄ ሥራዋ ምንድን ነው ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ እስካሁን ምላሴ ይተሳሰራል። የሌለ እንስሳ ትሥላለች። ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆን፣ ማንም ረግጦት በማያውቅ ዓለም ውስጥ የሚኖር፣ እግዜር ያልፈጠረውን ፍጡር እሷ ቁጭ ብላ ትፈጥራለች። መጀመሪያ ሰሞን «ልጄ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም?» ብያት ነበር።

«እማማ፣ እግዜር ራሱ ጉማሬን ሲፈጥር ሳይስቅ የቀረ ይመስልሻል?» አለችኝ።

አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ጥላት ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሩን በርግዳ ገብታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ስትወረውር፣ ልቤ ወዲያው ወደ ክፉው ሄደ።

«ማን ነካሽ?»

«አንድ አዲስ ሰውዬ! ሰባት እግር ያለውን አውሬዬን አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሲራመድ ሰባተኛው እግር የት ነው የሚያርፈው?›»

«እና የት ነው የሚያርፈው?»

«እማማ!»

ሰውየው እዚያው ቢሮ ሥዕሎቹን በኮምፒውተር እንዲራመዱ የሚያደርግ ባለሙያ ነው። ሌሎቹ ሥዕል ሲመልሱ ጫፉ ላይ «ይስተካከል» ብለው ይጽፋሉ፣ አለቀ። እሱ ግን በሥዕሏ ላይ ስስ ወረቀት ያነጥፍና የአውሬውን አጥንት አንድ በአንድ በቀይ እርሳስ ይሥላል፤ ትከሻው የት እንደሚገጥም፣ ጅራቱ ከየት እንደሚነሣ። ከሥሩም «ይሄ አንዴ ከተቀመጠ መነሣት አይችልም። አሳዘነኝ» ብሎ ይጽፋል። እሷ «አጥንት ቆጣሪው» አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ሁለት ወር ሙሉ ተነታረኩ። በኋላ ሳስተውል ስስ ወረቀቶቹን መቅደድ ትታ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። መናደዱ አልቀረም፤ እየተናደደች ግን ትስቃለች።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ዛሬ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እውነት ባይመስሉኝ ኖሮ አጥንት አልፈልግላቸውም ነበር› አለኝ» ብላ ዝም አለች። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። እናቷም አባቷን ያገኘች ሰሞን እንዲሁ ነበረች። ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣሁ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ማነው? የማን ልጅ ነው? የሚቆጥረው አጥንት ነው ወይስ የሚሰብረው?

ጉንፋን ጣላትና ከሥራ ቀረች። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል፤ ከሲታ፣ የራሱም አጥንት የሚቆጠር።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ። እንዴት ሆነችልኝ?»

ይቺ «ልኝ» አልጣመችኝም። «ተኝታለች» አልኩት፣ በሩን በክንዴ እንደያዝኩ።

አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ከዚያ ትልቅ ፖስታ ዘረጋልኝ። «ይህን ይስጡልኝ። ጥያቄ አለበት። ሥራ ስትገባ ትመልስልኛለች።»

ፖስታውን ከፈትኩት፤ አልዋሽም። ውስጡ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ ብቻዋን የምትጓዝ አውሬ አለች፤ የልጄ ሥዕል ናት። ስስ ወረቀቱ ላይ ግን የዛሬው ቀይ እርሳስ አጥንት አልሣለም። ከአውሬዋ ጎን ሌላ አውሬ ቆሟል፣ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ፤ የሚመጣው ሰኞ እጀምራለሁ። ይህችን ብቻዋን እንድትሄድ አድርገሽ ሣልሻት። ሌላ ቢደገፋት ትከሻዋ ይችለዋል? ዝም ካልሽ ገብቶኛል ማለት ነው፤ አላስቸግርሽም።»

«ሌላ ከተማ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ፖስታውን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር ሸጎጥኩት። ሲሻላት እነግራታለሁ አልኩ። ተሻላት፤ አልነገርኳትም።

ረቡዕ ሥራ ገብታ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። «ዓይኔን አያይም። ሥዕሌንም ‹ጥሩ ነው› ብሎ መለሰው።»

«ጥሩ ነው ካለሽ ምን ከፋሽ?»

«እማማ፣ ስስ ወረቀት የለበትም!»

ሐሙስ እህል አልቀመሰችም። እሷ በኮሪደሩ ትመላለሳለች፣ እኔ በሳሎኑ እመላለሳለሁ፤ ቤቱ የመናኸሪያ ያህል ሆነ። ዓርብ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ፣ «ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው አሉ። ሊሰናበተኝ እንኳ አልፈለገም» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ፖስታውን አምጥቼ አልጋዋ ላይ ጣልኩት። ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«መቼ ነው የመጣው?»

«ያኔ... አሞሽ ሳለ።»

«እማማ።» ድምጿ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ፈርቼ ነው ልጄ። ጥለሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ።»

«ብትሰጪኝም እኮ አልሄድም ነበር። አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ይሄ ከስድብ ባሰብኝ። እኔን ስትጠብቅ ልታረጅ ነው ለካ! «ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩም እልህ እንደያዘው ተበላሽቶ ቆሟል። እያለከለክሁ ስደርስ ልጁ እርሳሶቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። ሲያየን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ደብዳቤውን ያፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ ትንፋሼ ሳይመለስ። «እሷ ያየችው ዛሬ ነው። የምትናደድ ከሆነ በእኔ ተናደድ።»

እሱ ግን እኔን አልሰማም፤ እሷን ያያል።

«ይችላል» አለችው። «ትከሻዋ ይችላል። ግን እማማን...»

«እማማ ምን?» አቋረጥኳት። «እማማ በግ ናት፣ እረኛ የሚያስፈልጋት?»

ባልደረቦቿ ሳቁ። ሁለቱ አልሳቁም። ዓይን ለዓይን ተያይተው ቀርተዋል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን የረሱ ይመስለኛል።

«እጠብቅሻለሁ» አላት።

«እስከ መቼ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

«እስክትመጣ ድረስ፣ እማማ።»

«እንዲህ ያለውን አላውቅም። ቀን ቁረጥ!»

ቀን ቆረጠ። አምስት ወር ቆይተው ተጋቡና ወደዚያ ከተማ ሄዱ። እኔም «ለአንድ ሳምንት አይቻችሁ እመለሳለሁ» ብዬ ተከተልኩ፤ ይኸው ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሻንጣዬን ግን ጨርሼ አልፈታሁም፤ ምን ይታወቃል።

አሁን ሁለቱም ቤት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ የሚሠሩበት ክፍልና የእኔ መኝታ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለዩት። ቀኑን ሙሉ ይሟገታሉ።

«ሁለት ጉሮሮ ያለው እንስሳ እንዴት አድርጎ ነው የሚውጠው?»

«ተራ በተራ ነዋ!»

ሙግታቸውን ስሰማ ልቤ ያርፋል። ዛሬ ጠዋት ግን ድንገት ዝም አሉ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ተጣሉ? አመመው? ልጄን አስከፋብኝ? አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ።

አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል። እሱ እርሳሱን ጥሎ እጇን ይዟል፤ እሷ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች።

እጀታውን እንዳይጮኽ አድርጌ፣ በሩን ዘጋሁላቸው።