የረቡዕ ወተት

ሰይፈሥላሴ የሞተው እጁን ወደ ቦርሳው እንደዘረጋ ነው። በቦርሳው የጎን ኪስ ውስጥ መኖር የነበረበት የአለርጂ መርፌ ግን አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተጋመሰ የቅመም ሻይ፣ ከሻዩ አጠገብ ሁለት ካርቶን፤ አንዱ የራሱ የአጃ ወተት፣ ሌላው ለእሱ ብቻ መርዝ የሆነ የአልሞንድ ወተት።

ለንደን፣ ዌምብሊ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በላይ የተከራዩዋት ይህች ክፍል የ«ዕለት» ቢሮ ናት። «ዕለት» በዓልና ጾም የሚናገር የስልክ አፕ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል። የሚሠሩት አራት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አሁን ሦስት ቀሩ። ሦስቱም ቁልፍ አላቸው።

ሳጅን ተናኘወርቅ በማግስቱ ስትደርስ አለቃዋ ነገሩን በሐሳቡ ጨርሶት ነበር። አልሞንዱ የዲና ነው። መርፌው የተገኘው በዲና መሳቢያ ውስጥ ነው። ዲና ከሟቹ ጋር ወሩን ሙሉ ስትጨቃጨቅ ከርማለች። ስለዚህ ማታ ትከሰሳለች። ተናኘወርቅ እስከ ማታ ጊዜ ይሰጠኝ አለች። መለመን ስለማያምርባት ልመናዋ ትእዛዝ ይመስል ነበር።

አስከሬኑን ያገኙት የቡድኑ ሰብሳቢ ወይዘሮ ውባንቺ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያውን ስብሰባ ለማድረግ ከሥራ መልስ ተቀጣጥረው ነበር። በቢሯቸው ደንብ ቀድሞ የገባ ሰው ሻይ አፍልቶ ይጠብቃል። ትናንት ማን ቀድሞ እንደገባ ግን የሚናገር አልተገኘም።

«ጭቅጭቁ ስለ ምን ነበር እትዬ?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዲና አፑ የአጠቃቀም መረጃ ይሰብስብ ትላለች አሉ፤ ሰው የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት፣ የት ላይ እንደሚበላሽበት። ሰይፈሥላሴ ሞቼ ነው ቆሜ አለ። ከተጠቃሚዎቻችን ብዙዎቹ ከክሮይደኑ የስደተኞች መሥሪያ ቤት መልስ የሚጠብቁ ስደተኞች ናቸው፣ በእነሱ ስልክ ማንም ምንም አይቆጥርም ብሎ። አራተኛው አባል ክብሮምም ደገፈው፤ ድምፁ እንዲያውም ከሰይፈሥላሴ ይበልጥ ነበር።

«ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ወተት የገዛው ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ሰይፈሥላሴ ሁዳዴን ሙሉ ታግሶ፣ ከፋሲካ ወዲህ ወተት አምጡልኝ ማለት ነው ሥራው። ለስብሰባው ብዬ ትናንት ገዛሁለት።»

ተናኘወርቅ ፍሪጁን ከፈተች። የላም ወተቱ ክዳን አልተነካም።

ዲና ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ እናቷ ኦርቶዶክስ አባቷ ሙስሊም የሆኑ ልጅ ናት። የላም ወተት ሆዷን ስለሚያማት የአልሞንዱ ካርቶን ከፍሪጁ ጠፍቶ አያውቅም።

«ገዳይ ብሆን በራሴ ካርቶን እገድላለሁ? ኦናስትሊ፣ ያን ያህል ደደብ እመስላለሁ?»

«አትመስዪም። እንድትመስዪ የፈለገ ሰው ግን አለ።»

ዲና ትንሽ ተንፈስ አለች። አፑ በአሮጌ ስልክ ላይ እየተዘጋ ሰው ዝም ብሎ ይተወዋል፣ እኛ ደግሞ ዓይናችንን ታስረን እናርማለን አለች። የእሷ ኮድ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ አይ ካለ ሰው ስልክ ምንም አይላክም።

«ትናንት ሰይፈሥላሴ ሻዩን በምን ነበር የሚጠጣው?»

«ረቡዕ አይደል? በአጃ… ቆይ።» ስልኳን አየች። «ኖ፣ ጾም የለም። በወተት ነው። እኔ አፑ ካልነገረኝ የት አውቄ።»

የመጨረሻው ክብሮም ነው። ፓርክ ሮያል መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ኮዱን ስልክ ላይ ለሚጫን አፕ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ማተቡ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከሸሚዙ በላይ ውሏል።

«ዲናን አልወነጅልም» አለ። «ስህተት ሊሆን ይችላል። ትናንት ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። አልሞንዱን የራሱ አጃ መስሎት ይሆናል።»

«መርፌውስ?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

ተናኘወርቅ አመስግና አሰናበተችው። ሰውን ብዙም የማታመሰግን ሴት ናት።

አመሻሹ ላይ ሦስቱን በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ሁለቱ ካርቶኖች ጎን ለጎን የተቀመጡት ለእኔ ነው» ብላ ጀመረች። «ጾመኛው አሳስቶ ቀዳ ብዬ እንዳምን፣ ካላመንኩም በካርቶኑ ባለቤት ላይ እንድፈርድ። ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዐርብ አይጾምም። ሰይፈሥላሴ አጃውንም አልሞንዱንም የሚያነሳበት ምክንያት አልነበረውም። ሻዩን ቀድቶ የሰጠው ሌላ ሰው ነው። ቅመሙ ጣዕሙን ሸፈነው። ገዳዩ የአጃ መስሎት ጠጣ ብሎ አሰበ፤ ሟቹ ግን የላም ወተት መስሎት ጠጣ።»

ወይዘሮ ውባንቺ አማተቡ።

«እንግዲህ ትናንት ጾም የመሰለው ማን ነው? እትዬ ያውቃሉ፤ ወተት ገዝተዋል። ዲና አታውቅም፤ አፑ ግን ይነግራታል። ስልካችሁን አውጡና ትናንትን ክፈቱ።»

ሦስት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። በሁለቱ ላይ «ጾም የለም» ይላል። በክብሮም ስልክ ላይ «ጾም» ይላል።

«አላዘመንኩትም» አለ ክብሮም ቶሎ ብሎ።

«ረቡዕን ሁሉ ጾም የሚለው ያ ስህተት እኮ የታረመው ከፋሲካ በፊት ነው» አለች ዲና ቀስ ብላ። «ሰይፈሥላሴ ነው ያረመው። አፑ ደግሞ ራሱ ነው የሚታደሰው… የኛው ከሆነ።»

ተናኘወርቅ ስልኩን ወደ ዲና ገፋችው። ዲና ከክፍሉ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ በግድግዳው ስክሪን ላይ አሳየች። አፑን አንዴ ነካችው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ። ደግማ ነካችው፤ ሌላ መስመር።

«የት እንዳለን እየላከ ነው» አለች። «የማናውቀው አድራሻ ጋ።»

«ከኮዱ ለብቻህ ቅጂ ወስደህ ሰላይ ኮድ አስገባህበት» አለች ተናኘወርቅ። «ከዚያ ወዲህ የታረመ ነገር የተደበቀው ቅጂህ ጋ አልደረሰም። በሁላችሁም ስም ልትለቀው ስትል ሰይፈሥላሴ ደረሰብህ። ማተብህ ለሰው ዓይን ነው፤ ጾምህን የሚነግርህ ግን ያው ቅጂ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ዲና ላይ ያን ያህል የጮህከው ለምንድን ነው?»

ክብሮም ማተቡን ወደ ሸሚዙ ውስጥ መለሰ።

«መረጃውን የሚገዛኝ ደላላ የሚከፍለው ሌላ ሰው ጋ ለሌለ ነገር ነው» አለ። «በግልጽ የሚሰበሰበውን ማን ይገዛኛል?»

የተናኘወርቅ ስልክ ጠራ። አለቃዋ ልጅቷን ይዘሻት እየመጣሽ ነው ወይ ይላል።

«አንድ ሰው ይዤ እየመጣሁ ነው» አለችው። «ወረቀቱ ላይ ስሙን ብቻ አርመው።»

ክብሮምን ወሰዱት። ዲና ወንበሩ ላይ ቀረች። ወይዘሮ ውባንቺ ትከሻዋን ያዝ አድርገው ቆዩና ያንቺኛውስ ሲከፈት ምን ይላል አሏት። ዲና የራሷን ቅጂ የጫነችበትን ስልክ ከስክሪኑ ጋር አገናኝታ ሰጠቻቸው። «መረጃዎን እንሰብስብ?» ይላል።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው «አይ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ በዓላቱን አንድ በአንድ ነካኩ፤ መስቀልን፣ ልደትን፣ ጥምቀትን።

የግድግዳው ስክሪን ባዶ እንደሆነ ቀረ፤ አንድም መስመር አልወጣም።

«ይኸው» አለች ዲና። «ወሩን ሙሉ ሰይፈሥላሴን የለመንኩት ይህን ላሳየው ነበር።»