ንጹህ የተባለው ብረት

«ንጹህ ነው አልኩሽ እኮ! በዓይንሽ አየሽው!»

«ንጹህ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። አጥባችሁታል።»

የመጀመሪያው የወንድ ድምፅ ነበር፤ ሁለተኛው የእናቷ። ያኔ ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ካልሲ አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ ከሳሎኑ በር ጀርባ ቆማ ነበር። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ እሷ ጋ የቀረው ግን ይቺ ቁራጭ ብቻ ናት። ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ?» አለ።  ከዚያ ወንበር ተንቋቋ። እናቷ ምን ብላ እንደመለሰች አታውቅም። ምናልባት ሰምታ ረስታው ይሆናል። ምናልባትም እናቷ ጭራሽ አልመለሰችም።

የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ገበያው አጠገብ ያለውን የእግረኛ ድልድይ ረግጣው አታውቅም። ዝናብ ቢጥል፣ ቢረፍድባት፣ ጉልበቷን ቢያማት፣ ዞራ በትራፊክ መብራቱ በኩል ትሻገራለች። ቤት ውስጥ ይኸው ነገር መሳቂያ ሆኗል። «ብረት ስትመረምር የምትውል ሴት ብረት ትፈራለች!» ይላል አጎቷ። እናቷም አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው።

እናቷ የቁስ ሳይንስ ተመራማሪ ናት። ድሮ በትልቅ የምርምር ተቋም ውስጥ አንድን የብረት ዘንግ ሚሊዮን ጊዜ እያጎበጠ በሚያቃና ማሽን ፊት ተቀምጣ፣ ዘንጉ የሚሰበርበትን ቀን ስትጠብቅ ትውል ነበር። «ብረት እንደ ሰው ይደክማል» ትላለች። «ልዩነቱ አያጉረመርምም።» ከዚያ ተቋም ለምን ወጥታ ትንሽ የፍተሻ ላቦራቶሪ እንደገባች ግን ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም።

አሁን ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ተማሪው በእናቷ ሥራ የተነሣ «ብረቷ» ይላታል። የልብ ጓደኛዋ ደግሞ «ጥይት» ናት፤ ስታወራም፣ ስትሮጥም፣ ስትበላም ስለምትቸኩል።

ሁለቱ ለሳይንስ ክበብ ውድድር የመረጡት ሥራ የትሪቡኑን ምርመራ ነበር። ትሪቡኑ በሜዳው ዳር የቆመው ባለ ስድስት እርከን የብረት መቀመጫ ነው፤ ዕድሜው ከመምህራኑ ይበልጣል ይባላል። የምርመራው ዘዴ የእናቷ ነው፤ ሦስቱ የሚረጩ ጣሳዎችም ከእናቷ ቁም ሣጥን ሳይነገር የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ቀይ ቀለም ብረቱ ላይ ይረጫል። ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሃያ ደቂቃ ተጠብቆ የላዩ ቀለም በማጽጃ ይወለወላል። በመጨረሻ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል፤ ዱቄቱ ስንጥቁ የጠጣውን ቀለም ስቦ ያወጣዋል። ያኔ ለዓይን ያልታየው ስንጥቅ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ቀይ መስመር አልወጣም። ዱቄቱ ወተት መስሎ ቀረ። ፎቶ ተነሡ፤ አንደኛ ወጡ፤ ትምህርት ቤቱን ወክለው ለትልቁ ውድድር ታጩ፤ ወረቀታቸው ከነፎቶው በዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ። ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ «ትሪቡናችን በገዛ ልጆቻችን ተመርምሮ ጤነኛ ሆኗል!» አለና፣ ላይኛዎቹን ሁለት እርከኖች ለዓመታት ዘግቶ የኖረውን ገመድ በጥበቃው አስፈታ። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነበርና ቦታ ያስፈልጋል።

ዓርብ ረፋድ ላይ ልምምድ ተደረገ። ተማሪው እስከ ስድስተኛው እርከን ጢም ብሎ፣ በዘፈኑ ምት እግሩን ያንኳኳ ጀመር። ብረቷ ሦስተኛው እርከን ላይ ነበረች። ከጩኸቱ ሥር፣ ከወንበሯ በታች፣ የሆነ ነገር «ቅጭ» ሲል ተሰማት። ዞር ብላ የጎረቤቶቿን ፊት አየች። ማንም አልሰማም። እግሮቹ እንደገና ወረዱ። «ቅጭ»።

ሲበተኑ በዳይሬክተሩ ቢሮ በኩል አለፈች። ያን ፎቶ መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ አሁን ግን እግሯ ተገታ። በፎቶው ላይ ጥይት እየሳቀች የማጽጃውን ጣሳ ወደ ብረቱ ደግናለች። እርጭቱ እንደ ጉም ብየዳው ላይ ይታያል።

ማጽጃ ጨርቅ ላይ ነው የሚረጨው። በጨርቁ ነው የሚወለወለው። በቀጥታ ብረቱ ላይ ከተረጨ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀለም ሳይቀር ጠርጎ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የታመመውም ያልታመመውም እኩል ንጹህ ነው።

*አጥባችሁታል።*



በምሳ ሰዓት ብቻዋን ትሪቡኑ ሥር ገባች። በጣሳዎቹ ውስጥ ጥቂት ተርፎ ነበር። ሦስተኛው እርከን ከዋናው ምሰሶ ጋር በተበየደበት ቦታ ላይ ቀዩን ረጨች። ሃያውን ደቂቃ ከንፈሯን እየነከሰች ጠበቀች። ጨርቁን አርሳ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው በቀስታ ወለወለች። ነጩን ነፋች።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ብቅ አለች። ከዚያ ረዘመች። ልጅቷ እያየቻት ወፈረች፤ ምሰሶውን ታክካ ዞረች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ምሳሽን በላሁልሽ እኮ!» ጥይት አጎንብሳ ገባች። መስመሩን ስታይ ሳቋ ቆመ። «ምንድነው እሱ?»

«ስንጥቅ ነው። ያን ቀን አጥበነው ነው ያልታየን።»

«ማለት እኔ ነኝ ያጠብኩት?»

«አንቺ ነሽ የረጨሽው። እኔም ቆሜ እያየሁ ነበር፤ ያውም የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ጭረት ይሆናላ! አቦ አታካብጂ። ይሄ ነገር እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ቆሟል፤ ለነገ ብሎ ይወድቃል?»

«ላይኞቹ ተዘግተው ነበር። ያስከፈትናቸው እኛ ነን።»

ጥይት ወደ ሜዳው ገልመጥ አደረገች። «ስሚኝ» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ቅዳሜ ይለፍ። ሰኞ እንናገራለን፣ በናትሽ። አሁን ካወራሽ ውድድሩም ቀረ፣ እኛም የትምህርት ቤቱ መሳቂያ ሆንን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ስድስተኛው ላይ የሚቀመጠው ማነው?»

«ምን አውቃለሁ?»

«ሰባተኛ ክፍሎች ናቸው። ወንድምሽም አለበት።»

ጥይት በሹራቧ እጅጌ መስመሩን ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው። ብረቱ እንደገና ንጹህ ሆነ፤ እጅጌዋ ግን ቀላ። ደወል ተደወለና ሮጣ ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብረቷ ሁለት ጊዜ ዳይሬክተሩ በር ድረስ ሄዳ ሁለቴም ተመለሰች።

ማታ እናቷ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ልጅቷ ሦስቱን ባዶ ጣሳዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉንም ተናገረች፤ ስርቆቱን፣ ፎቶውን፣ «ቅጭ» ያለውን። እናቷ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ የቀዩን ጣሳ ክዳን አንሥታ በጣቶቿ መሃል ታሽከረክረው ጀመር።

«እማ፣ አንድ ሰውዬ እዚህ ቤት መጥቶ ነበር። ትንሽ ሆኜ። ‹አጥባችሁታል› ስትይው ሰምቻለሁ።»

ክዳኑ ቆመ። «ሰምተሻል?»

«መልስሽን ግን አልሰማሁም።»

«መልስ አልነበረም» አለች እናትየዋ። «አለቃዬ ነበር። የገበያው ድልድይ ብየዳ ሲፈተሽ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ቸኩለው ማጽጃውን በቀጥታ ረጩበት። ይደገም አልኩ። የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ ጊዜ የለም አለኝ። ‹ንጹህ ነው› የሚለውን ወረቀት እዚችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።»

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«ግን አልወደቀም። ዘጠኝ ዓመት ቆሟል።»

«ብረት አይቸኩልም፣ ልጄ። ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅኩ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ‹አምላኬ፣ አንተ ጠብቅልኝ› እላለሁ። እስከ ዛሬ ጠብቋል። እሱ እየጠበቀ፣ እኔ ዝም ብዬ፣ ይኸው አለን።» ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ገበያው የሚበተንበት ሰዓት ነው፤ በዚህ ሰዓት ድልድዩ ላይ ሰው ከሰው ይተሻሻል።

ልጅቷ ስልኩን አነሣች። ለዳይሬክተሩ ደውላ፣ እናቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፤ የሳይንስ ክበቧ። ትሪቡኑ ስንጥቅ አለው። ምርመራችን ስህተት ነበር።»

«ምን?» የዳይሬክተሩ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ንጹህ ነው ብላችሁኝ ነበር እኮ! በር ላይ ለጥፌዋለሁ! ነገ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ?»

እናትየዋ እንደ ተመታ ሰው ጠረጴዛውን ያዘች።

ልጅቷ አየቻት። ከዚያ ወደ ስልኩ ዝቅ አለች። «አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለዚህ ነው የደወልኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ አሳይዎታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይወጣበት።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አንድ ሰዓት» አለ ዳይሬክተሩ። «ካላየሁ አላምንም።» ስልኩ ተዘጋ።

ለጥይት አንድ መስመር ጻፈችላት፦ «ለጋሼ ነግሬዋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ትሪቡኑ ሥር። ብትመጪ ደስ ይለኛል።» መልእክቱ ተነበበ። 

እናቷ ተነሥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። ከጀርባ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሦስት ጣሳዎች። ክዳናቸው ተከፍቶ አያውቅም፤ ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል።

«እነዚህ መቼ የተገዙ ናቸው?»

«በፈረምኩ በሳምንቱ፤ ፍተሻውን ራሴ ልደግመው ብዬ። ጊዜያቸው አልፏል፤ አይሠሩም።» አንድ በአንድ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ጣለቻቸው፤ እያንዳንዱ ሲወድቅ ጮኸ። «ጠዋት በላቦራቶሪው አልፈን አዲስ እንይዛለን።»

«ስንት?»

እናቷ አሰበች። ከውጭ፣ ከገበያው በኩል፣ የእግር ኮቴ ይሰማል።

«ለሁለት ቦታ የሚሆን» አለች። «መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ። ከዚያ ድልድዩ። ጨርቁን አንቺ ትይዣለሽ። ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ፤ ያኔ የፈረምኩትንም ጨምሬ።»